ተስፋ ለቈረጠ ሰው የሚነገር ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር በዐውደ ምሕረት ለመናገር የሚከብድ፣ በየጓዳው ግን ብዙ የሚወራለት ነገር ነው። ይኸውም ሕይወቱን ጠልቶ ራሱን ለመግደል ስለሚያስብ ሰውና እኛ ስለ እርሱ፣ ለእርሱም ስለምንናገረው ቃል ነው። አንዳንዶች ነገሩን በስሙ ማንሣት ክፉውን መጥራት ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ዝም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ እንደ ማንኛውም የገበያ ወሬ ያወሩታል። ዝምታውም ወሬውም ደካማውን ሰው ይጥለዋል፤ በጊዜው የተነገረ ቃል ግን ያነሣዋል። ይህን ከቅዱሳት መጻሕፍት በሦስት ሰዎች ታሪክ እንመለከታለን።

አስቀድሞ ግን ነገሩ የጥቂቶች ብቻ እንዳይመስለን መጠኑን እንወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው በየዓመቱ በዓለም ላይ ከ700,000 የሚበልጡ ሰዎች በገዛ እጃቸው ይሞታሉ፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 በሆነ ወጣቶች ዘንድም ከዋነኞቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በአገራችንም በቡታጅራ አካባቢ ተደርጎ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 የታተመ ጥናት ከ10,000 የሚበልጡ አዋቂዎችን ጠይቆ ነበር፤ ከመቶው 3 ያህሉ በዘመናቸው ራሳቸውን ለመግደል ሞክረው እንደ ነበር ተናገሩ። እንግዲህ ይህ ሐሳብ በሩቅ አገር ብቻ ያለ አይደለም፤ ከእኛ ጋር ቆሞ የሚያስቀድስ፣ ከእኛ ጋር ጽዋ የሚጠጣ ሰው በልቡ ሊሸከመው ይችላል።

ሀ/ የሳኦል ጋሻ ጃግሬ

ንጉሥ ሳኦል በጊልቦዓ ተራራ ድል በተነሣ ጊዜ በገዛ እጁ ሞተ (1ኛ ሳሙ. 31፥4-5)። ይህን ታሪክ ስናነብ ዓይናችን በንጉሡ ላይ ያርፋል፤ ከአጠገቡ የነበረውን ጋሻ ጃግሬ ግን እናልፈዋለን። ይህ ሰው ጥቂት ቀደም ብሎ ጌታው ግደለኝ ቢለው እጅግ ስለ ፈራ እምቢ ያለ ነው። ደም ማፍሰስን የፈራ እርሱ፣ የጌታውን ሞት ባየ ጊዜ ግን ያንኑ አደረገ። ያን ጊዜ ሂድና ሙት ያለው አልነበረም፤ ማየቱ ብቻ በቃው።

መጽሐፍ ይህን የጻፈው ለከንቱ አይደለም። ቀድሞ ልቡ የቈሰለ ሰው የሌላውን ሞት ሲያይና ሲሰማ መንገድ የተከፈተለት ይመስለዋል። እኛም በምንኖርበት በሽንዲና በወንበርማ ገጠር እንዲህ ያለ ኀዘን በደረሰ ጊዜ ምን እንደምናደርግ ራሳችንን እንመርምር። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አሟሟቱን እንጠይቃለን፤ በምን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ቦታ እንላለን። በሽንዲ ገበያ የተወራው ቡሬ መናኸሪያ ሲደርስ ተጨምሮበት፣ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ደግሞ ሌላ ተጨምሮበት ይነገራል። ከድንኳኑ ጥግ ልቡ ቈስሎ ዝም ብሎ የተቀመጠ ወጣት መኖሩን ማንም አያስብም። እኛ ወሬ አወራን እንላለን፤ እርሱ ግን ትምህርት ተማረ።

ይህ የመላ ምት ነገር አይደለም። በኦስትርያ ዋና ከተማ በቪየና እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980ዎቹ ጋዜጦች በከተማው የባቡር መሥመር ራሳቸውን ስለሚገድሉ ሰዎች በትልልቅ ፊደል ያትሙ ነበር። በ1987 የዘርፉ ሊቃውንት ጋዜጠኞቹን መክረው አጻጻፋቸውን ካስለወጡ በኋላ በዚያ መሥመር የሚደርሰው ሞት በእጅጉ ቀነሰ። ባቡሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቃሉ ነው።

ሌላም አለ፤ ማወደስ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ እጃቸውን ለእንግሊዝ ጦር ላለመስጠት ራሳቸውን መግደላቸው በአገራችን ሁሉ ይነገራል። አገርን አንድ ለማድረግ የደከሙትን ድካም ማክበር ይገባል፤ ፍርዱም የእግዚአብሔር ነው። ነገር ግን ለልጆቻችን ስንነግር የመጨረሻዪቱን ሰዓት የወንድነት መለኪያ አድርገን የተናገርን እንደ ሆነ፣ ፈተና የወደቀ ተማሪ ወይም በዕዳ የተያዘ ጎልማሳ ኀፍረቱን እንደ መቅደላ ይቈጥራል። ከውርደት ሞት የሚለውን አባባል በቀላሉ የምንናገር ሁላችን፣ የሚሰማን ማን እንደ ሆነ እንጠንቀቅ።

ንጉሥ ዳዊት ግን ስለ ሳኦልና ስለ ዮናታን ሲያለቅስ እንዴት እንደ ተናገረ ተመልከቱ (2ኛ ሳሙ. 1፥17-27)። ወሬው በጌትና በአስቀሎና እንዳይነገር ከለከለ። በእርግጥ የከለከለው ጠላት ደስ እንዳይለው ነው፤ ሆኖም ለኀዘን ወሬ ዳርቻ እንደሚያስፈልገው ከዚህ እንማራለን። አሟሟታቸውንም አልዘረዘረም፤ በሕይወት ሳሉ የነበራቸውን መዋደድና ለሕዝቡ ያደረጉትን መልካም ነገር አነሣ። የለቅሶ ቤት ንግግር ሥርዓቱ ይህ ነው።

ለ/ የካህናቱ መልስ

ሁለተኛው ሰው ይሁዳ ነው። ስለ ክሕደቱ ብዙ ጊዜ ሰብከናል። ከመሞቱ በፊት ወዴት እንደ ሄደ ግን እምብዛም አንናገርም። ወደ ካህናት ሄደ፤ ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ ብሎ ኀጢአቱን በአፉ ተናገረ፤ ብሩንም መለሰ (ማቴ. 27፥3-5)። እነርሱ የመለሱለት፣ ነገሩ እነርሱን እንደማይመለከታቸውና ለራሱ እንዲያውቅበት ነበር። ከዚያ ወጥቶ የሆነውን ሆነ። ለጥፋቱ ተጠያቂው ራሱ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በመጨረሻው ሰዓት የሰማው የሰው ድምፅ የካህናት ድምፅ ነበር፤ ያም ድምፅ በር ዘጋበት።

ይህን ቃል ያለ ዕንባ ማንበብ አልችልም፤ እኔም ተናግሬዋለሁና። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወጣት ቀርቦ፣ «የኔታ፣ መኖር የሰለቸው ሰው ሞትን ቢለምን ኀጢአት ይሆንበታልን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ጥያቄውን የመጽሐፍ ጥያቄ አድርጌ፣ ቀኖናውን ጠቅሼ፣ ገሥጬም ሰደድሁት። ሰዎች ይጠብቁኝ ነበርና ፊቱን እንኳ በደንብ አላየሁም። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እማሆይ ግን ጠሩት። «ልጄ፣ ዛሬ እህል ቀምሰሃል?» አሉት። ከጠበል ጻድቁ ቈርሰው ሰጡት፤ እስኪበላም ዝም አሉ። ኋላም፣ «ራስህን ልትጎዳ አስበሃልን?» ብለው በግልጥ ጠየቁት። አዎን አላቸው። አልጮኹም፣ አላማተቡበትም፤ አጎቱን አስጠርተው እስኪመጣ ድረስ ከአጠገቡ አልተነሡም። ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው። እኔ ሕጉን ዐውቅ ነበር፤ እማሆይ ግን ሰውየውን ዐወቁት።

የዛሬ ወጣቶች ጭንቀታቸውን ለንስሓ አባት ትተው በእጅ ስልክ ለማያውቁት ሰው ይነግራሉ እያልን እናዝናለን። ኀዘናችን ምክንያት አለው፤ በቴሌግራምና በመሰለው ሁሉ በሚሰበሰቡ ማኅበሮች አንዱ የአሟሟት ዘዴ ሲያስተምር፣ አንዱ ከዚህ ኑሮ ሞት ይሻላል ሲል፣ ሌላው ወኔ የለህም እያለ ሲያፌዝ ይገኛል። በዚያ የሚያወራው ሰው ፊት አይታይም፤ ድምፁ ቢንቀጠቀጥም አይሰማም፤ ሌሊት ቢነሣ ደርሶ እጁን የሚይዘው የለም። ጋሻ ጃግሬው አንድ ሞት አየ፤ በስልክ ያለው ልጅ ግን በአንድ ሌሊት ስንቱን ያያል። የምድር ሕግም ይህን በቸልታ አላለፈውም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 ሌላው ሰው ራሱን እንዲገድል የሚያነሣሣውንና የሚረዳውን ይቀጣል።

ነገር ግን ልጁ ስለ ምን ወደዚያ ሄደ? በእኩለ ሌሊት ሳይቈጣው የሚሰማው ስላገኘ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል፤ ብዙ ቤት ኀዘን ገብቶበታል። ይህን የተሸከመ ልጅ ወደ እኛ መጥቶ ተግሣጽ ብቻ ካገኘ፣ ስልኩን ብንነጥቀው ሌላ ይፈልጋል። ክፉውን ማኅበር የሚያሸንፈው የተሻለ ማኅበር ነው።

ሐ/ የወኅኒው ጠባቂ

ሦስተኛው ሰው በፊልጵስዩስ የነበረው የወኅኒ ጠባቂ ነው (የሐዋ. 16፥25-34)። ምድር ተናውጣ የወኅኒው ደጆች ሁሉ በተከፈቱ ጊዜ እስረኞቹ ያመለጡ መሰለውና ራሱን ሊገድል ተነሣ። ያን ጊዜ ቅዱስ ጳውሎስ በታላቅ ድምፅ ጮኾ በራሱ ላይ ክፉ እንዳያደርግ፣ ሁላቸውም በዚያ እንዳሉ ነገረው።

ይህ አጭር ቃል ሦስት ነገር አለበት። አንደኛ፣ ሐዋርያው ዝም አላለም፤ ነገሩንም አልሸፋፈነም፤ በራስህ ላይ አታድርግ ብሎ በግልጥ ተናገረ። ሁለተኛ፣ ጠባቂው ሊሞት የተነሣበትን ሐሳብ በእውነት አፈረሰ፤ ሁሉ ሄደዋል፣ ብቻዬን ቀርቻለሁ ላለው ሰው ሁላችን አለን አለው። ሦስተኛ፣ ጥምቀቱና ትምህርቱ ከዚህ በኋላ መጣ፤ አስቀድሞ ሰውየውን በሕይወት አቈየው። በዚያች ሌሊት ጠባቂው ከቤተ ሰዎቹ ሁሉ ጋር ተጠመቀ፤ ማዕድም አቀረበ። የካህናቱ ቃል ለራስህ እወቅ የሚል ነበር፤ የሐዋርያው ቃል ግን ሁላችን ከዚህ አለን የሚል ነው። እኛ ካህናት የምንጠየቀው ከሁለቱ ቃል የማንኛው ወራሾች እንደ ሆንን ነው።

እግዚአብሔርም ነቢዩ ኤልያስን እንዲሁ አደረገለት (1ኛ ነገ. 19)። ከክትክታው በታች ሞትን ሲለምን አልገሠጸውም፤ አስተኛው፣ እንጀራና ውኃ ሰጠው፣ ዳግመኛ አስተኛውና አበላው። ኋላም ጥያቄ ጠየቀው፣ ሥራ ሰጠው፣ ኤልሳዕን ባልንጀራ አደረገለት።

መ/ እንግዲህ ምን እናድርግ

ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ ርኅራኄ ከበዛ ሥርዓቱ ይላላል የሚል ቢኖር፣ አይላላም። ሕይወት የእግዚአብሔር አደራ ናት፤ ባለአደራ አደራውን ሊያጠፋ አይገባውም፤ አትግደል የሚለውም ትእዛዝ የራስን ሕይወት ይጨምራል። በጤናማ አእምሮ ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት መከልከሉ ሕያዋንን ለመጠበቅ ነው። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ381 በቍስጥንጥንያ ጉባኤ የነበረው የእስክንድርያው ጢሞቴዎስ ስለዚሁ ተጠይቆ፣ ካህኑ ሟቹ አእምሮውን ስቶ እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር በጥንቃቄ እንዲመረምር አዝዟል፤ አለመመርመርን አልፈቀደም። ስለዚህ ካህን ሳይጠይቅ በሟች ላይ አይፍረድ፤ የሟቹንም ቤተ ሰብ አይናቅ። በኀዘን ላይ ኀፍረት የተጨመረባቸው እናትና ወንድም ራሳቸው በአደጋ ላይ ናቸውና ከማንም ይልቅ መጎብኘት ይገባቸዋል።

በሕይወት ላለው ደግሞ እንዲህ እናድርግ። የተለወጠውን፣ ከሰው የራቀውን፣ ንብረቱን የሚያከፋፍለውን፣ የመሰናበቻ ቃል የሚናገረውን እናስተውል። ራስህን ለመግደል አስበሃልን ብለን በፍቅርና በግልጥ እንጠይቀው፤ ሊቃውንት መርምረው እንዳረጋገጡት መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፣ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ። አዎን ካለ ብቻውን አንተወው፤ የእርሻ መድኃኒትም ሆነ የጦር መሣሪያ፣ የሚጎዳው ነገር ሁሉ በሌላ ሰው እጅ በቁልፍ ይጠበቅ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል እናድርሰው። ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም እንዲወስዱ ያስተማሩት ለዚህም ይሆናል። የተነገረን የንስሓ ምስጢር እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ሰውየው ራሱ ፈቅዶ አንድ የሚታመን ዘመድ እንዲያውቅለት በብርቱ እንምከረው፤ አብረነውም እንሂድ። ሰንበቴውና ማኅበሩ ደግሞ የቀረውን አባል ስም ጠርቶ የመጠየቅ ልማድ ይኑረው፤ ጽዋ ሲዞር የጎደለ ሰው መኖሩ የሚታወቀው በዚያ ነውና።

ይህን ጽሑፍ ሲያነብ የራሱን ልብ ያገኘ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር፣ ቃሉ ለአንተም፣ ለአንቺም ነው። ይህች ሰዓት ታልፋለች። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገር፤ የመጀመሪያው ሰው ባይሰማህ፣ እኔም አንድ ቀን አልሰማሁምና፣ ወደ ሁለተኛው ሂድ። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ የተቀመጠ አይጠፋም። በራስህ ላይ ክፉ አታድርግ፤ ሁላችን ከዚህ አለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።