ዲፈረንሻልዎ ውሃ እንዳይጠጣ

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል። አባባሉ ለሰው የተነገረ ቢሆንም ለመኪናም ይሠራል። በዝናብ ወራት ወደ ደቡብ ኦሞ፣ አፋር ወይም ጋምቤላ ለመስክ ሥራ የወጣ ሾፌር፣ ሞተሩ ሳይጠፋበት ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ሲደርስ «ተመስገን» ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ከኋላ ዲፈረንሻል እንደ ልቅሶ ያለ ድምፅ መሰማት ይጀምራል። ጋራዥ ገብቶ ሲከፈት ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል፣ ኩሽኔታው ዝጓል፣ ጥርሱም ተበልቷል። ያን ጊዜ ወንዙን የሚያስታውስ የለም። በጋራዥ ሕይወቴ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ የሚያስቆጨኝ መከላከያው ቀላል መሆኑ ነው።

ውሃው በየት ይገባል?

ዲፈረንሻል ረጅም መንገድ ሲሄድ ይሞቃል። በውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና በላዩ ባለችው ትንሽ መተንፈሻ ይወጣል። ችግሩ የጋለው ብረት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር ነው። ሙቀቱ ከ80 ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢወርድ፣ የታፈነው አየር ግፊት 17 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ያኔ ዲፈረንሻሉ የጎደለውን ለመሙላት ከውጭ ይስባል፤ በዙሪያው ያለው ደግሞ ውሃ ነው። መተንፈሻው ውሃ ውስጥ ከሆነ በእሱ በኩል ይጠጣል። በጭቃ ወይም በዝገት ከተደፈነ ደግሞ በኦይል ሲሉ ከንፈር በኩል ይስባል። ኦይል ሲል በዋናነት የተሠራው ዘይት እንዳይወጣ እንጂ ውሃ እንዳይገባ አይደለም።

ከመግባትዎ በፊት

ወንዝ ዳር ሲደርሱ መኪናውን አቁመው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያቀዝቅዙት። ጊዜው አይባክንም፤ ወንዙን የሚያጠኑበት ነው። የአካባቢውን ሰው መሻገሪያው የት እንደሆነ፣ አዞ መኖር አለመኖሩንም ይጠይቁ። አዞ ከሌለና ውሃው የማያስፈራ ከሆነ፣ ዱላ ይዘው በእግር ገብተው ጥልቀቱንና የወለሉን ጥንካሬ ይለኩ። ሰው ጸንቶ ሊቆምበት ያልቻለ ወንዝ ለመኪናም አይሆንም። ውሃው እየደፈረሰና ቅጠልና እንጨት እየገፋ ከመጣ ደጋው ላይ ዘንቧል ማለት ነው፤ ደራሽ እስኪያልፍ ይጠብቁ።

ወንዝ የሚያዘወትር መኪና ከሆነ መተንፈሻዎቹን ከፍ ያስደርጉ። ከፊትና ከኋላ ዲፈረንሻል፣ ከካምቢዮና ከትራንስፈር ኬዝ ዘይት የሚችል ቱቦ ተስቦ ኮፈን ሥር፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይታሰራል። ቱቦው እንዳይታጠፍ፣ ጭስ ማውጫውን እንዳይነካ፣ አክስሉ ሲወርድም እንዳይወጠር የተረፈ ርዝመት ይኑረው። ወጪው ዲፈረንሻል ከማሠራት ጋር አይወዳደርም።

የድሮ ላንድሮቨር ዲፌንደር የሚነዱ ደግሞ የፍሪሲዮን ቤቱን ቀዳዳ የሚዘጋውን ብሎን ከመግባትዎ በፊት ይግጠሙ፤ ሲወጡ መፍታትዎን አይርሱ። ተዘግቶ ከቀረ የሚንጠባጠበው ዘይት መውጫ አጥቶ ፍሪሲዮኑን ያበላሻል።

ውሃ ውስጥ

ገና ደረቅ መሬት ላይ ሳሉ ፎር ዊሉን በከባዱ፣ ማርሹን በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ያስገቡ። በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ሳያቋርጡ ይንዱ። መሀል ላይ ማርሽ አይቀይሩ፤ ፍሪሲዮንም አይርገጡ። ሲረግጡት ሸራው ከቮላኖው ይለያያል፤ በክፍተቱ ውሃና አሸዋ ከገባ ሲለቁት ሊንሸራተት ይችላል።

ከወጡ በኋላ

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ፍሬኑን በቀስታ ደጋግመው በመርገጥ ያድርቁት። ማታ የሚያድሩበት ሲደርሱ መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ሌሊቱን ወደ ታች ይዘቅጣል። ጠዋት ሞተር ሳያስነሱ መጀመሪያ የዲፈረንሻሉን የዘይት መሙያ ብሎን ይፍቱ፤ እሱ እንቢ ካለ ደፍተው መሙላት አይችሉምና ሌላውን አይንኩ። ቀጥሎ የታችኛውን ብሎን በጥቂቱ ያላሉት። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ጥርት ያለ ዘይት ከሆነ መልሰው ያጥብቁት። ውሃ ከወጣ ወይም ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከነጣ ግን ሙሉውን ይቀይሩ። ክፉኛ ከነጣ አንድ ጊዜ መቀየር አይበቃም፤ ጥቂት ነድተው እንደገና ይቀይሩት። ካምቢዮውንና ትራንስፈር ኬዙንም እንዲሁ ይመርምሩ።

ክሮቸራዎቹን አዲሱ ግራሶ አሮጌውንና ውሃውን ገፍቶ እስኪያወጣ ድረስ ይሙሏቸው። በላንድክሩዘር 70 ዓይነት መኪና የፊት ጎማ መታጠፊያ ኳስ ውስጥና የጎማ ኩሽኔታ ላይ ያለው ግራሶ ከነጣ ተፈቶ፣ ታጥቦና ደርቆ በአዲስ መተካት አለበት።

በመጨረሻ አንድ ልማድ አደራ እላለሁ። በመኪናው የጉዞ መዝገብ ላይ ቀኑን፣ የወንዙን ስም፣ ውሃው እስከ የት እንደደረሰና የትኛው ዘይት እንደታየ ይጻፉ። መኪና ከሾፌር ወደ ሾፌር ይተላለፋል። ነገ ቁልፉን የሚረከበው ባልደረባዎ ወንዙን አላየውም፤ ጋራዥ የሚጠብቀው መካኒክም እንዲሁ። ያቺ አንድ መስመር ካለች ግን ዲፈረንሻሉ ከማልቀሱ በፊት ይደርሱለታል።