ብዙ ስም ያለውን ድረ ገጽ ወደ አንድ ዋና ስም ስለ መምራት

አንድ የንግድ ቤት ሱቁን ወደ ሌላ ሰፈር ባዛወረ ጊዜ በቀድሞው በር ላይ የአዲሱን ሥፍራ ማስታወቂያ ሳይለጥፍ አይሄድም። በድረ ገጽ ረገድ ግን ይህ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ለምሳሌ አንድ ቡና ላኪ «ዶት ኮም» የተባለ የቀድሞ ስምና «ዶት ኢቲ» የተባለ አዲስ ስም ቢኖሩት፣ ሁለቱም «ደብልዩ ደብልዩ ደብልዩ» ታክሎባቸው ወይም ሳይታከልባቸው ሊጻፉ ስለሚችሉ፣ ደንበኛው የሚገባባቸው በሮች አራት ናቸው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. በወጣው የኤችቲቲፒ 1.1 ደንብ መሠረት፣ ብራውዘር ገጽ በሚጠይቅበት ጊዜ የፈለገውን ስም ለሰርቨሩ ይገልጻል። ከዚህም የተነሣ አንድ ሰርቨር ብዙ ስሞችን ለይቶ ለእያንዳንዱ የተለየ ትእዛዝ ሊፈጽም ይችላል። ይኸውም ትእዛዝ በአፓቼ ሰርቨር «ሪራይት» በሚባለው ክፍል፣ በኤንጂን ኤክስ ሰርቨር ደግሞ ለቀድሞዎቹ ስሞች በሚከፈት ምድብ ይጻፋል።

ትእዛዙን የሚጽፈው ባለሙያ ቢሆንም፣ ነጋዴው የሚከተሉትን ነጥቦች አውቆ ሊቆጣጠር ይገባዋል።

1ኛ/ ከአራቱ ስሞች አንዱ ዋና ሆኖ ይመረጥ፤ ሦስቱም በቀጥታ ወደ እርሱ ይምሩ። ትእዛዙ ዋናውን ስም ራሱን የጨመረ እንደ ሆነ፣ ገጹ ወደ ራሱ እየተመለሰ ከቶ አይከፈትም።

2ኛ/ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ዝርዝር አድራሻ ሳይቆረጥ ይተላለፍ። የዋጋ ዝርዝር የጠየቀ ደንበኛ ያንኑ ያግኝ እንጂ ወደ መግቢያው ገጽ አይጣል።

3ኛ/ በሙከራ ጊዜ ጊዜያዊው የመልስ ቁጥር 302፣ ከተረጋገጠ በኋላ ግን የዘለቄታው ቁጥር 301 ይሰጥ። ብራውዘሮች 301ን መዝግበው ስለሚይዙ፣ ስሕተቱ ከታረመ በኋላም ደንበኛውን ወደ ተሳሳተው ሥፍራ ሊመሩት ይችላሉና።

4ኛ/ የደኅንነት ሰርተፊኬቱ አራቱንም ስሞች ያጠቃልል። ብራውዘር ሰርተፊኬቱን የሚመረምረው ወደ ዋናው ስም ከመመራቱ አስቀድሞ ስለሆነ፣ ሰርተፊኬት የጎደለው ስም ደንበኛውን በማስጠንቀቂያ ያስደነግጠዋል።

ከሁሉም በላይ የቀድሞው ስም ዓመታዊ ክፍያ እንዳይቋረጥ ያስፈልጋል። የተለቀቀን ስም ሌላ ሰው ሊያስመዘግበው ይችላል፤ ያን ጊዜ በአሮጌ ፋክቱር ላይ የታተመው አድራሻ፣ በዚያም ስም የሚላከው የኢሜይል ደብዳቤ በባዕድ እጅ ይወድቃል። ያ ሰው ለውጭ አገር ገዢ የሐሰት የባንክ ሒሳብ ቁጥር ቢልክ፣ ገዢው የሚያውቀውን ስም አይቶ ገንዘቡን ይልካል። ስለዚህ አሮጌው በር ተዘግቶ የሚተው ሳይሆን፣ እየተጠበቀ ወደ አዲሱ የሚያሻግር ሊሆን ይገባዋል።