«ኑሮዬ ይበቃኛል» ማለትና የጎረቤት ድርሻ
ከዶሮ ማነቂያ ቤተሰቦች የተወሰደ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ እትም ለጥናት የምናቀርብላችሁ ርእስ በአነስተኛ ገቢ ቤተሰብን ስለ ማስተዳደርና ባለ ነገር ረክቶ ስለ መኖር ነው። ትምህርቱ በጉባኤያችሁ ተነብቦ በመጨረሻው ላይ ባሉት ጥያቄዎች ውይይት እንዲደረግበት የተዘጋጀ ነው።

መግቢያ

ከጥቂት ወራት በፊት በከተማችን ዳርቻ በሚገኝ አንድ ደብር አዳራሽ ስለ ቤተሰብ ቁጠባ እንዳስተምር ተጠርቼ ነበር። ከተሰበሰቡት ምእመናን ብዙዎቹ ቀድሞ በአራዳ፣ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ይኖሩ የነበሩና ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. በከተማዋ የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ ሲነሣ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶች የተዛወሩ ነበሩ። እኔም ገቢን ከወጪ ስለ ማመጣጠን፣ ከማያስፈልግ ነገር ስለ መታቀብና «ኑሮዬ ይበቃኛል» ስለ ማለት በሰፊው ተናገርሁ። ንግግሬን ስፈጽም አንዲት አረጋዊት እናት ተነሥተው፣ «ዲያቆን ልጄ፣ ቁጠባውንስ ያደግንበት ነው። በአንድ ድስት ሽሮ ስምንት ሰው አብልቼ አሳድሬአለሁ። አሁን የቸገረኝ፣ ጨው ሲያልቅብኝ የማንን በር እንደማንኳኳ አለማወቄ ነው» አሉ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ዕለት ያዘጋጀሁት ትምህርት ለእኚህ እናት ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ቁጠባን የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አድርጌ ይዤው ነበርና። ይህ ጽሑፍ ያን ጉድለት ለማረም የተጻፈ ነው። የሚያስረዳውም አንድ ነገር ነው፤ በጥቂት ገንዘብ ረክቶ መኖር የሚቻለው ጎረቤት ሲኖር ነው፤ ጎረቤትን መልሶ ማቋቋም ደግሞ የሰበካው ሥራ ነው።

1. ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያስተምሩት

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች በላከው መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ በማግኘትም በማጣትም መካከል ረክቶ መኖርን እንዳወቀ ይናገራል። በዚህ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛው፣ ሐዋርያው ይህን ተማርሁት ይላል እንጂ አብሮኝ ተወለደ አይልም፤ ስለዚህ ረክቶ መኖር ትምህርትና ልምምድ የሚሻ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ ቃሉ የሚገኘው ስለ ተላከለት ርዳታ በሚያመሰግንበት ክፍል ውስጥ ነው። ወዲያው በቁጥር 14 ላይ የፊልጵስዩስ ምእመናን በመከራው መካፈላቸው መልካም ሥራ መሆኑን ይመሰክራል። ጳውሎስ ኑሮዬ ይበቃኛል ያለው አስታዋሽ ባጣበት ስፍራ አይደለም።

በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 6 ያለውም እንዲሁ ነው። ምግብና ልብስ ካለን ይበቃናል ካለ በኋላ፣ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 17 እና 18 ላይ ባለጠጎች ለማካፈል የተዘጋጁ እንዲሆኑ ያዝዛል። ለድኻው የተነገረውን ለባለጸጋው ከተነገረው ለይተን ብናስተምር የሐዋርያውን ቃል ግማሹን ቆርጠን ጣልን ማለት ነው።

ይህን የበለጠ የሚያጸናው ቅዱስ ያዕቆብ ነው። በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ቁጥር 15 እና 16፣ የዕለት ምግብ ያጣውን ወንድም ምንም ሳይሰጡ በመልካም ቃል ብቻ ማሰናበት ጥቅም እንደሌለው ይናገራል። ስለዚህ አባቶቼ፣ በቂ ምግብ ለሌለው ቤት «ያለህ ይበቃሃል» ብለን ብንሰብክ ቃላችን ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። መርካት ለችግር የሚሰጥ ማስታገሻ አይደለም።

2. የዶሮ ማነቂያ ኑሮ

አራዳ የአዲስ አበባ ጥንታዊ እምብርት ነው። ከዐድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ በተሠራው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የከተማዋ ትልቅ ገበያ ይውል ነበር፤ ገበያው ወደ መርካቶ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ዶሮ ማነቂያ በዚህ አሮጌ አካባቢ ተደጋግፈው በቆሙ ጭቃ ቤቶችና በጠባብ መተላለፊያዎች የተሞላ ሰፈር ነበር። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች በቀበሌ እንዲተዳደሩ ተደረገ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለብዙ ዓመታት እጅግ አነስተኛ ሆኖ በመቆየቱ በዝቅተኛ ገቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች በከተማው መካከል፣ ከእለት ሥራቸው አጠገብ ሊኖሩ ቻሉ።

ያ ኑሮ ያለ ችግር ነበር አንልም። መጸዳጃው የጋራ ነበር፤ ጣራው በክረምት ያፈስሳል፤ ልጆች በቆጥ ላይ ተደራርበው ይተኛሉ። ብዙዎች ዛሬ የራሳቸው መጸዳጃና የራሳቸው በር ያለው ቤት በማግኘታቸው ፈጣሪያቸውን ያመሰግናሉ፤ ማመስገናቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያ ጥበት ውስጥ በገንዘብ ያልተመዘገበ ሀብት ነበር። ለመቁጠር ያህል፦

ሀ. ልጅ ጥበቃ። እናት ወደ ሥራ ስትሄድ ልጁ የጎረቤት ልጅ ሆኖ ይውላል፤ ለሞግዚት የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም።

ለ. ዱቤ። የሰፈሩ ባለ ሱቅ ቤተሰቡን ስለሚያውቅ ዘይትና ሳሙና በደብተር እየመዘገበ እስከ ደመወዝ ቀን ይታገሣል።

ሐ. ምጣድ። የጋለ ምጣድ ሳይበርድ ሁለተኛዋ ጎረቤት ሊጧን ይዛ ትመጣለች። ምጣድን ከቅዝቃዜው አንሥቶ ማጋል ብዙ ኃይል የሚፈጅ በመሆኑ ተከታትሎ መጋገር ለሁለቱም ቤት ቁጠባ ነው።

መ. በርበሬና ሽሮ። በርበሬ የሚቀነጠሰው፣ አተሩ የሚታመሰው በኅብረት ነው፤ ወደ ወፍጮ ቤትም በአንድነት ይወሰዳል።

ሠ. ቅርጫ። ለበዓል አንድ በሬ በጋራ ተገዝቶ በመደብ ይከፋፈላል።

ረ. ቡና። በየተራ የሚፈላ ቡና የሰፈሩ የምክር ቤት ነበር፤ የታመመው፣ የተጣላው፣ የጎደለበት የሚታወቀው እዚያ ነው።

ቤተሰቡ ወደ አዲሱ መንደር ሲዛወር ገቢው ባለበት ቢቆይ እንኳ ይህ ሁሉ በገንዘብ የሚገዛ ሆነ። ወደ ፒያሳ ለሥራ የሚመላለሰው ሰው የታክሲ ሒሳብ ተጨመረበት። ባለ ሱቁ የማያውቀውን ሰው በዱቤ አይሰጥም። ከእኚያ እናት ንግግር በስተጀርባ ያለው ሒሳብ ይህ ነው። ድህነቱ የጨመረው በማባከን ሳይሆን ጎረቤት በመበተኑ ነው።

3. የቤት ሒሳብ፦ ቀኑ የታወቀ ወጪ

ይህ ማለት በየቤቱ የሚደረግ ጥንቃቄ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ሕዝቡን አጥግቦ ሲያበቃ ቁርስራሹ እንዲሰበሰብ ማዘዙ የበረከት ሰው አባካኝ እንዳይሆን ያስተምራል። እናቶቻችን የተረፈውን እንጀራ አድርቀው ድርቆሽ የሚያደርጉት በዚሁ ልማድ ነው።

በሥራዬ እንደ ታዘብሁት ቤተሰብን ወደ ዕዳ የሚያስገባው በአብዛኛው የዕለት ምግብ አይደለም፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ትልቅ ወጪ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ወጪ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። መስከረምን እንመልከት። በነሐሴ መጨረሻ የተከፈለ የወር ደመወዝ የጳጉሜን 5 ቀናትና የመስከረምን 30 ቀናት፣ በድምሩ 35 ቀን ማድረስ ይኖርበታል፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን 36 ቀን ይሆናል። በእነዚሁ ቀናት ውስጥ እንቁጣጣሽ፣ የትምህርት መክፈቻና መስቀል ይገኛሉ። በዓመቱ ረጅሙ ወር ወጪ የሚበዛበትም ወር ነው ማለት ነው።

ለማስተማሪያ ያህል የሚከተለውን ሒሳብ እንውሰድ። አንድ ቤተሰብ ለትምህርት መክፈቻ 6,000 ብር፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል 4,000 ብር፣ ለገናና ለጥምቀት 5,000 ብር፣ ለፋሲካ 6,000 ብር፣ ለክረምት ልብስና ለቤት ጥገና 3,000 ብር ያስፈልገዋል እንበል። ድምሩ 24,000 ብር ነው። ይህን ለ12 ወራት ብናካፍለው በወር 2,000 ብር ይሆናል። በየወሩ 2,000 ብር ማስቀመጥ ከባድ ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ 10,000 ብር ማግኘት ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ብድርም የሚመጣው ያኔ ነው።

እቁብ የተሠራው ለዚህ ነው። 12 አባላት በወር 2,000 ብር ቢጥሉ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ 24,000 ብር ያነሣል፤ ወለድ የለውም። ልጆች የሚያስተምር አባል ከሌሎቹ ጋር ተስማምቶ በነሐሴ እንዲደርሰው ማድረግ ይችላል። ነገር ግን እቁብ በመተማመን የሚቆም ስለሆነ ቀድሞ ያነሣ አባል ዋስ ማቅረብ ይገባዋል። በማያውቁት ሰው መካከል እቁብ መጀመር አደጋ አለው፤ በአዲስ መንደር እቁብ የሚዘገየውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ሒሳቡ ራሱ ወደ ጎረቤት ይመልሰናል።

ስለ ጾምም አንድ ቃል እንጨምር። ጾም የወጪ መቀነሻ ዘዴ አይደለም፤ ነገር ግን የጾም ማዕድ ከፍስኩ ማዕድ የከበረና ውድ ከሆነ ትርጉሙ ጠፍቷል። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እንዳስተማረው ከጾመኛው ማዕድ የተረፈው ለተራበው ሊደርስ ይገባል።

4. በእኛ በአገልጋዮች ላይ ያለው ኀላፊነት

ይህን ክፍል በትሕትና፣ ግን በግልጽ ላቅርብ። ከቤተሰብ ዕዳዎች አንዳንዶቹ በቤተ ክርስቲያን ስም የሚፈጸሙ ናቸው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ የሚደረግ ድግስ አለ፤ ለሙት መታሰቢያ የሚደረግ ተዝካርም አለ። ሥርዓቱ የሚሻው ጥምቀቱን፣ ጸሎተ ፍትሐቱን፣ መሥዋዕቱንና ለነዳያን የሚሰጠውን ምጽዋት ነው፤ ድንኳን ጥሎ፣ ከብት አርዶ ሰፈርን መጋበዝ የሥርዓቱ ግዴታ አይደለም። ምእመኑ ግን ይህን ከእኛ አፍ ካልሰማ «ሳይደግሱ ቀበሩት ይሉኛል» ብሎ ይበደራል። ያዘነችውን ሚስት የምናጽናና አባቶች ከዕዳም ልንጠብቃት ይገባል። በጥቂት ዳቦና ንፍሮ ነዳያንን መዘከር ብቻውን የተሟላ ዝክር መሆኑን ካህኑ በዐውደ ምሕረት ቢናገር፣ በራሱም ቤት ቢፈጽመው፣ ከብዙ የቁጠባ ትምህርት ይበልጣል።

5. ሰበካ ጉባኤው ሊያደርጋቸው የሚገቡ

1ኛ. አዲስ መጤዎችን በመጀመሪያው ወር መዝግቡ። ከመዝገቡ ጋር በእያንዳንዱ ብሎክ የሚኖር አንድ የታወቀ ምእመን ለቤተሰቡ አስተዋውቁ። የንስሐ አባትም በዚያው ይመደብ።

2ኛ. ከአካባቢው እድር ዳኞች ጋር ተነጋገሩ። የቆየ እድር ድንኳን፣ ወንበርና ዕቃ ስላፈራ ከአዲስ አባል ከፍ ያለ መመዝገቢያ ይጠይቃል። መመዝገቢያው በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ሰበካው ቢያማልድ ብዙ ቤተሰብ ያለ ቀባሪ ከመቅረት ስጋት ይድናል።

3ኛ. የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራት በራቸውን ይክፈቱ። ተራው የደረሰው አባል ካቅሙ በላይ እንዳይደግስ የማዕዱ መጠን በውሳኔ ይወሰን።

4ኛ. የጋራ ሥራ አደራጁ። በርበሬ ማዘጋጀት፣ ከመኸር በኋላ ጤፍ በጅምላ ገዝቶ መከፋፈል፣ ተከታትሎ መጋገር በሰንበት ትምህርት ቤትና በእናቶች ማኅበር አማካይነት ሊጀመር ይችላል። አብረው የሠሩ ሰዎች ከዓመት በኋላ አብረው እቁብ ይጥላሉ።

5ኛ. ማስተማርን ከመርዳት ለዩ። ገቢው ለምግብ የማይበቃ ቤት ሲገኝ ስለ በጀት ከማስተማር አስቀድሞ ከምጽዋት ሣጥን ይረዳ፤ ከዚያ በኋላ ሥራ የሚገኝበት መንገድ ይፈለግ። ይህም በምስጢር ይፈጸም።

ማጠቃለያ

ለእስራኤል መና በወረደ ጊዜ ብዙ የሰበሰበ አልተረፈውም፣ ጥቂት የሰበሰበም አልጎደለበትም፤ ለነገ ብሎ የሸሸገው ግን ተበላሸ (ዘጸ. 16)። የዶሮ ማነቂያ እናቶች ይህን ምዕራፍ በኑሯቸው ያውቁታል። ያ ሰፈር ዛሬ የለም፤ ልማዱ ግን በሰዎቹ ውስጥ አለ፤ የሚተከልበት መሬት እንጂ ዘር አልጠፋም። ከዚያ ጉባኤ በኋላ በዚያው ደብር ያሉ እናቶች በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየተራ ቡና ማፍላት ጀምረዋል። እኚያ እናት በሁለተኛው ተራ ቡና አፍልተው እኔንም ጠርተውኝ ነበር። ወጪው ትንሽ ነው፤ ጨው የሚበደሩበት በር ግን አግኝተዋል።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ባለፉት ሁለት ዓመታት ወደ ሰበካችን የመጡት ቤተሰቦች ስንት ናቸው? ስንቶቹን በስም እናውቃለን?
2. በአካባቢያችን ያለ እድር ለአዲስ አባል መመዝገቢያ ስንት ያስከፍላል? ማነጋገር የሚችለው ማን ነው?
3. በሰበካችን ምእመናንን ወደ ዕዳ የሚያስገባ ድግስ የትኛው ነው? ካህናትስ ስለዚህ መቼ አስተማርን?
4. መርካትን በምናስተምርበት ጊዜ ለባለጸጋው የምንናገረው ምንድን ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።