ለስልኩም ዋስ ይጠራ

በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ የደጀን ገበሬ እንዴት እንደሚጠነቀቅ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ጥርሱን ያያል፣ ሽንጡን ይዳብሳል፣ ወዲያ ወዲህ አስኪዶ አረማመዱን ይመለከታል። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ እንኳ ብሩን ቶሎ አያወጣም። «ዋስ ጥራ!» ይላል። በሬው የተሰረቀ ቢሆንና ነገ ባለቤቱ ቢመጣ የሚጠየቅ፣ አገር የሚያውቀው ሰው መሀል መግባት አለበት። ሻጩ ዋስ ካጣ ሽያጩ ይቀራል፤ በዚህም የሚቀየም የለም። ዕቁብም እንዲሁ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን ዋስ ሳያቀርብ ብሩን አይጨብጥም።

ይኸው ጠንቃቃ ሰው ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ሲጮህ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፤ እንኳን ደስ አለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል» የሚለውን ድምፅ «የማን ልጅ ነህ? ማን ያውቅሃል?» ሳይለው የአንድ በሬ ዋጋ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያስረክባል። ስለዚህ ዛሬ የምሥራች ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ ከአጭበርባሪ የሚያድናችሁን ጥበብ ከአያቶቻችሁ ወርሳችሁ እጃችሁ ላይ አለ። የቀረው ከከብት ተራ ወደ ስልክ ማሻገር ነው።

ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከግንቦት 2013 ወዲህ የተጠቃሚው ቁጥር ከ50 ሚሊዮን አልፏል። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደጀን የሚገባው ሹፌር የምሳውን ሂሳብ በስልክ ይከፍላል፤ የጤፍ ነጋዴውም ብር በጆንያ መሸከም ቀርቶለታል። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ማንም አስፈራርቶ ወደ ኋላ ሊመልሳችሁ አይገባም። ነገር ግን ሌባውም መንገድ አጥሮለታል። የደጀንን ሰው ለመዝረፍ ደጀን መምጣት አያስፈልገውም።

የሌባው ሥራ የተመሠረተው በጥድፊያና በምስጢር ላይ ነው። «አሁኑኑ ካልሆነ ያልፍዎታል»፣ «ስልኩን እንዳይዘጉት»፣ «ለማንም እንዳይናገሩ» ይላል። ቀጥሎም «አሁን በመልእክት ቁጥር ይደርስዎታል፤ ያንብቡልኝ» ይላል። ያ ቁጥር ለምን እንደመጣ ልንገራችሁ። በዚያች ደቂቃ ሰውየው በራሱ ስልክ የእናንተን ሂሳብ ሊከፍት እየሞከረ ነው፤ ሥርዓቱ ደግሞ «ባለቤቱ ነህ?» ብሎ ለማረጋገጥ ቁጥሩን ወደ እናንተ ይልካል። ስታነቡለት የቤታችሁን ቁልፍ አቀበላችሁት ማለት ነው። ጉዳቱም ባላችሁ ብር ላይ ብቻ አያበቃም። ቴሌብር ብድርም የሚሰጥ በመሆኑ፣ በዚህ መንገድ ሂሳባችሁን የከፈተ ሰው በስማችሁ ተበድሮ ዕዳውን ለእናንተ ሊተውላችሁ ይችላል።

«በስህተት ብር ልኬብዎት ነው፤ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚለውም ከዚያው ቤት ነው። መልእክቱ የቴሌብርን ይመስላል፤ የመጣው ግን ከተራ የሞባይል ቁጥር ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ላኪውን አይታችሁ፣ *127# ደውላችሁ የራሳችሁን ሂሳብ ተመልከቱ። ብሩ ከሌለ የሚመለስ ነገር የለም። በእርግጥ ገብቶ ከሆነም ከኪሳችሁ አትላኩ፤ ጉዳዩን በ127 በኩል ጨርሱት።

እዚህ ላይ የእኛው ስም የተሰረቀበት አንድ ታሪክ አለ። በጥር 1902 (በፈረንጆቹ የካቲት 1910) የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ኩራት ወደነበረችው ድሬድኖት ወደተባለች የጦር መርከብ አንድ ቴሌግራም ደረሰ። «የኢትዮጵያ መሳፍንት እየመጡ ነው፤ ተቀበሏቸው» ይላል፤ የላኪው ስም የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ትልቅ ባለሥልጣን ነው። መኮንኖቹ ተሰልፈው፣ ሙዚቃ አስመትተው ተቀበሏቸው። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ስላጡ የዛንዚባርን ሰቀሉ። «መሳፍንቱ» ግን ፊታቸውን የተቀቡና የውሸት ጢም የለጠፉ የለንደን ወጣቶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዷ በኋላ በደራሲነት ዓለም ያወቃት ቨርጂኒያ ዎልፍ ናት። በዚያ ዘመን ከዓለም ኃያል የነበረውን ባሕር ኃይል ያታለለው አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ወደ መሥሪያ ቤቱ መልሶ «እውነት እናንተ ናችሁ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር።

ለስልክ ዋስ መጥራት ማለት ይኸው ነው። የደወለላችሁን ሰው በትሕትና «እሺ፣ መልሼ እደውላለሁ» በሉትና ዝጉ። ከዚያ የምታውቁትን ቁጥር ራሳችሁ ምቱ፤ ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለንግድ ባንክ 951። እሱ በሰጣችሁ ቁጥር አትደውሉ፤ ሌባ ለሌባ ዋስ አይሆንም። «ልጅዎ አዲስ አበባ አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል ነው፤ ብር ይላኩ» ካሏችሁ ልጁ ጋ ደውሉ፤ ካላነሳ ጓደኛው ጋ ደውሉ። በስልካችሁ ቴሌግራም ላይ «ቸግሮኝ ነው፣ ነገ እመልሳለሁ» ብሎ የሚጽፍ ወዳጅም አካውንቱ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ይሆናልና ድምፁን ስሙ። እውነተኛ ወዳጅ በዚህ አይከፋም። ደጀን ላይ ሱቅ ወይም ሆቴል ያላችሁ ደግሞ፣ ደንበኛው የሚያሳያችሁን ስክሪንሾት ትታችሁ የራሳችሁን ሂሳብ እዩ። ብሩ እስኪገባ አንድ ስኒ ቡና ጋብዙት፤ ታማኙ ሰው ደስ ብሎት ይጠጣል።

ነገሩ የሚከብደው ዋሱ ራሱ የተታለለ ሲሆን ነው። «ሦስት ሰው ካስገባህ ብርህ እጥፍ ይሆናል» የሚለውን ነገር ይዞ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የአክስት ልጅ ወይም የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። እሱ አይዋሽም፤ ከልቡ አምኗል። ቻርልስ ፖንዚ የተባለው ሰውዬ በፈረንጆቹ 1920 ቦስተን ከተማ ላይ በ45 ቀን የ50 በመቶ ትርፍ ሲሰጥ የመጀመሪያዎቹ በእርግጥ ተከፍለዋል። የተከፈላቸው ከኋላ ከመጡት ኪስ ነበር፤ አዲስ ሰው ሲጠፋ ሁሉም ፈረሰ። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 813/2006 እንዲህ ያለው ፒራሚዳዊ ሽያጭ ክልክል ነው። ስለዚህ «አንተ ነህ ዋሱ?» አትበሉት፤ «ብሬ ቢጠፋ ከኪስህ ትከፍላለህ?» በሉት። በከብት ተራ ዋስ የሆነ ሰው ይከፍላል። በመልሱ ቆም ካለ እናንተም እሱም ትድናላችሁ።

ለውጭ አገር ሥራም «ዋስህ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይቅደም። ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ አለ ተብለው የሄዱ በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶቻችን ማይናማር ድንበር ላይ ታግተው፣ እየተደበደቡ የሌላውን ዓለም ሰው በኢንተርኔት እንዲያታልሉ ተገደዋል። በ2017 ብዙዎቹ ወጥተዋል። ከመካከላቸው የተማሩ፣ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ጎበዞች ነበሩ፤ የተፈለጉትም ለዚሁ ነው።

ስለ ፋይዳ መታወቂያም አጭር ቃል ልጨምር። ምዝገባው ነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትስጡት። የመታወቂያችሁን ፎቶና ባለ12 አኃዝ ቁጥራችሁን «ለዕርዳታ ልመዝግባችሁ» ላለ ሁሉ በስልክ አትላኩ።

ቀድሞውኑ ተታላችሁ ከሆነ አንገታችሁን አትድፉ። በ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንካችን ወርቅ ብሎ ገዝቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ የተቀባ ብረት ሆኖ ተገኝቶ ተመልሶለታል። ባለሙያና ሚዛን ያለው ተቋም ከተታለለ እናንተን ማን ሞኝ ይላችኋል? ዝም ማለት ግን ሌባውን ይጠቅማል። ወዲያውኑ ወደ 127 ወይም ወደ ባንካችሁ ደውላችሁ ሂሳቡ እንዲታገድ ጠይቁ፤ የሚስጥር ቁጥራችሁን ቀይሩ፤ መልእክቱን ሳታጠፉ ለፖሊስ አመልክቱ፤ ለጎረቤትም ንገሩ። ሌባው ለእናንተ የተናገረውን ያንኑ ቃል ነገ ለጎረቤታችሁ ይደግመዋልና።

ዛሬ ማታ አሥር ደቂቃ ስጡ። የእናታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ 127ን፣ 994ንና 951ን በስማቸው መዝግቡላቸው፤ የቴሌግራማችሁንም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ከዚያም እናታችሁን «ማንም ቁጥር አንብቢልኝ ቢልሽ መጀመሪያ ለእኔ ደውዪ» በሏቸው። ደግመው እንዲሉላችሁ አድርጉ፤ ከዚያ እናንተ እንደ አጭበርባሪው ሆናችሁ ደውሉላቸውና ስልኩን ሲዘጉባችሁ አመስግኗቸው።