ታይለኖልና ናይኩዊል አብረው ይወሰዳሉ?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ከመጣሁ ገና ወራት ነው፤ ኢንሹራንስም የለኝም። ጉንፋን ይዞኝ ታይለኖልና ናይኩዊል ገዛሁ። አብሬ ልውሰዳቸው?

መልስ፦ አይውሰዱ። ታይለኖል አገር ቤት ፓራሲታሞል የምንለው ነው፤ እዚህ ካርቶኑ ላይ አሴታሚኖፌን ተብሎ ይጻፋል። ናይኩዊልም ውስጥ ይኸው አለ። ለጤነኛ አዋቂ የቀን ጣሪያው ከሁሉም ተደምሮ 4,000 ሚሊ ግራም ነው፤ ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል። መጠጥ ለሚያዘወትር ያንሳል። ናይኩዊል ያስተኛል፤ ወስደው መኪና አይንዱ። አንቲባዮቲክ ፍለጋም አይድከሙ፤ ያለ ማዘዣ አይሸጥም፣ ለጉንፋንም አይረባም። ፋርማሲስቱን መጠየቅ ነጻ ነው (ብዙዎቻችን አፍረን እናልፈዋለን)። ትንፋሽ ካጠረዎት ግን 911 ይደውሉ። በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ኢንሹራንስ የለዎትም ብሎ ሳይመረምር አይመልስዎትም፤ ሂሳቡ ግን በኋላ በፖስታ ይመጣል።