በአይብና በአትክልት ስለ ተነባበረ የተፈጨ ሥጋ

ጥያቄ፦ በአይብና በአትክልት እያነባበርሁ የምጋግረው የተፈጨ ሥጋ፥ ሲቆረጥ የሚፈራርሰው ስለ ምንድር ነው?

መልስ፦ ክብርት እመቤት ሆይ፥ የነገሩ መንሥኤ በአትክልቱ ባሕርይ የተሰወረው ውኃ ነውና፥ ቆስጣውንና ካሮቱን አስቀድመው በጥቂት ዘይት አብስለው፥ አቀዝቅዘውም ካልጨመቁት በቀር፥ በእሳቱ ኃይል ውኃውን ለቅቆ አንዱን ንብብር ከሌላው ይለያየዋል። ለአንድ ኪሎ ሥጋ 2 እንቁላልና በወተት የራሰ አንድ ኩባያ የዳቦ ፍርፋሪ አዋሕደው፥ ግማሹን በመጋገሪያው ዕቃ ከዘረጉ በኋላ፥ አትክልቱንና አይቡን ከዳር አንድ ጣት ያህል አርቀው በመካከል ያኑሩና በቀረው ሥጋ ከድነው ጠርዙን ይግጠሙት። የአገራችን አይብ በሙቀት ስለማይቀልጥ ለጣዕም እንጂ ለማያያዝ አይረዳም፤ ለዚህስ ፎርማጆ ይሻላል። በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሰዓት ያህል ጋግረው፥ የመካከሉ ሙቀት 71 ዲግሪ ሲደርስ ያውጡት፤ የሥጋው ጭማቂ እስኪረጋም 15 ደቂቃ ታግሠው ይቁረጡት።