ምሥጢረ ቀንዲል ለማን ይሰጣል?

ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ የሆነው ምሥጢረ ቀንዲል በብዙ ቤት ይፈራል። ሰው ታሞ «ቄስ ይጠራ» ሲባል፣ «ኧረ አፋችሁን ለበጎ ክፈቱ!» የሚል አይጠፋም። ስለዚህም ቄሱ የሚደርሱት ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ምሥጢር ምን ታስተምራለች?

1. መሠረቱ

ቀንዲል በዘይት የሚበራ መብራት ነው፤ ምሥጢሩም የሚፈጸመው በተባረከ ዘይትና በጸሎት ነው። ሐዋርያት ድውያንን ዘይት እየቀቡ ይፈውሱ እንደ ነበር በማርቆስ ወንጌል 6፥13 ተጽፏል። ቅዱስ ያዕቆብም በመልእክቱ (5፥14-15) የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች እንዲጠራ፣ እነርሱም በጌታ ስም ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ያዛል። ልብ በሉ፤ ሐዋርያው የተናገረው ስለ ታመመ ሰው ነው እንጂ ስለሚያጣጥር ሰው ብቻ አይደለም።

2. ፍርሃቱ ከየት መጣ?

በመካከለኛው ዘመን በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ምሥጢሩ ለሞት ለተቃረቡ ብቻ ይሰጥ ስለ ጀመር «የመጨረሻ ቅባት» ተባለ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (1962-1965 እ.ኤ.አ.) «የሕሙማን ቅባት» ቢባል እንደሚሻል አስተማረ። በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ሥርዓቱን አደሱ። በላቲን ሥርዓት ቀድሞ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ እጅና እግር ይቀቡ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ግንባርና እጅ ይቀባሉ። የወይራ ዘይት ካልተገኘም ከሌላ ተክል የተጨመቀ ዘይት ተፈቅዷል።

3. ለማን ይሰጣል?

ሀ/ በጽኑ ለታመመ፣
ለ/ ሌላ ሕመም ባይኖርበትም በእርጅና እጅግ ለደከመ፣
ሐ/ በከባድ ሕመም ምክንያት ኦፕራሲዮን ለሚደረግለት፣
መ/ ነፍስ ላወቀና በጽኑ ለታመመ ልጅ።

የተቀባ ሰው ድኖ እንደገና በጽኑ ቢታመም ወይም ሕመሙ ቢጠናበት ዳግመኛ ይቀባል። የሚቀቡት ቄስ ወይም ጳጳስ ብቻ ናቸው። ሕመምተኛው ልቡናው ሳይጠፋ ቢጠሩ ይናዘዛል፣ ይቆርባል። ለሚሞት ሰው የሚሰጠው ቁርባን «ስንቅ» ይባላል፤ ስንቅ ምን እንደሆነ ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል።

4. ምን ይጠቅማል?

ምሥጢሩ ለሕመምተኛው ብርታትንና ሰላምን ይሰጣል፤ መናዘዝ ላልቻለም የኃጢአት ስርየት ያስገኛል። ለነፍሱ የሚበጅ ከሆነም ሥጋው ይፈወሳል። ነገር ግን ሐኪምን አይተካም። ዛሬ የተቀባ ሰው ነገ ክኒኑን አያቋርጥ፣ ከክሊኒክም አይቅር።

5. ቄስ በቅርብ በሌለበት

ቄስ አልፎ አልፎ በሚመጣበት መጠለያ ዝምታ ይጎዳል። ወላጆች ሆይ፣ በቤታችሁ የተኛ ሰው ካለ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ቄሱ ለቅዳሴ ሲመጡ ወደ ሕመምተኛው ይወሰዱ። ተማሪዎችም ጎረቤት የተኛውን ጠይቁ፣ ውኃ ቅዱለት፣ ወንጌል አንብቡለት። ይህ ምሥጢሩን ባይተካም የፍቅር ሥራ ነው።

መልመጃ

1. ቅዱስ ያዕቆብ የታመመ ሰው ማንን እንዲጠራ ያዛል?
2. «የመጨረሻ ቅባት» የሚለው ስም ምን ጉዳት አስከተለ?
3. አያታችሁ «ቄስ ከጠራችሁማ መሞቴ ነው» ቢሉ ምን ብላችሁ ታስረዷቸዋላችሁ? ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያዩበት።